ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒዩተር

የጡረታዬ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ላፕቶፕ ሸለመኝ። በአበባ ወረቀት ተጠቅልሎ ቀይ ሪባን ታስሮበታል። ተቀብዬ በእጄ መዘን ሳደርገው ሳቄ አመለጠኝ፤ ድሮ እጽፍበት የነበረው የአማርኛ ታይፕራይተር ሽፋኑ ብቻ ከዚህ ይከብድ ነበር። አለቃዬ እትዬ ብዙነሽ ምን እንዳሳቀኝ ስለገባቸው አብረውኝ ሳቁ። ወጣቶቹ ግን ግራ ተጋቡ። አንዷማ ስጦታው ያላስደሰተኝ መስሏት፣ "ሞዴሉ ካልተመቸሽ እንቀይረዋለን" አለችኝ።

ምን ብዬ ላስረዳት? የመጀመሪያው ኮምፒዩተራችን ቢሮ ሲገባ እሷ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ያኔ ለሱ ብቻ አንድ ክፍል ተለቆለት፣ ምንጣፍ ተነጥፎለት ነበር። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ነው የምንገባው። አቧራ እንዳይነካው እትዬ ብዙነሽ በጥልፍ ያሠሩለት ልብስ ነበረው፤ የክፍሉንም ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነበር የሚያንጠለጥሉት። ዋጋው የቢሮውን የዓመት ኪራይ ያህል ስለነበር ማንም አይፈርድባቸውም። ከዚያ ዋጋው ወረደ፤ ደግሞም ወረደ። መጀመሪያ ምንጣፉ ተነሣ። ቀጥሎ ጫማ ማውለቁ ቀረ። ያ የጥልፍ ልብስ የት እንደገባ ሳናውቅ ጠፋ። በመጨረሻ ከአሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች አንዱ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው መደገፊያ ሆኖ መሬት ላይ ተቀመጠ። የኔም የሥራ ዘመን በዚያው መሐል አለፈ።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ታይፕ የተማርኩት አዲስ አበባ ሲሆን ሰባት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስመታ ቆይቼ፣ መንግሥት ሲለወጥ ከባለቤቴ ጋር ናይሮቢ ገባሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ኢስሊ ሰፈር ነበር፤ ሐጂ ከድር የሚባሉ የሞያሌ ነጋዴ ዘንድ። ሐጂ ደብዳቤ የሚያስጽፉኝ እየተንጎራደዱ ነው። ሲናደዱ ስለሚፈጥኑ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ከኮቴያቸው ደብዳቤው ለማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሱቁን ለልጃቸው አስረክበው ሊያርፉ ሲሉ ራሳቸው ይዘውኝ ወደ መሐል ከተማ ወጡና እትዬ ብዙነሽ ፊት አቆሙኝ። "ይቺን ልጅ አደራ። ትናደዳለች እንጂ አትሳሳትም" አሏቸው። ስለ ቁጣዬ ልክ ነበሩ።

የእትዬ ብዙነሽ ቢሮ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር በላይ ነበር። ሥራችን ትርጉምና ጽሕፈት ነው። ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ወረቀት በፈለገ ጊዜ የኛን ደረጃ ይወጣል፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የነጋዴ ውል። አማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል፣ ይታተማል፣ ማኅተም ይመታበታል። እኔ ስቀጠር ስድስት ታይፒስቶች ነበርን። ደመወዙ የሚያስመካ አልነበረም፤ ለቤት ኪራይና ለማታቱ ታክሲ ይበቃል፣ የቀረው በጸሎት ነው።

የሥራውን ምስጢር ያስተማሩኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን በእርማት ሥራ ያሳለፉ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሹራብ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ቢሮው ውስጥ ሥራቸው ማናበብ ነበር። ላላየው ሰው ልንገረው፤ አንዱ ዋናውን ወረቀት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ ያያል። ቀላል ይመስላል። ጋሽ መኩሪያ ዘንድ ግን ሥርዓት ነበረው። ነጥቡም ይነበባል፦ "ነጠላ ሰረዝ"፣ "አራት ነጥብ"። የሰው ስም ሲደርስ ፊደሉ ይጠራል፦ "ሣህሉ፣ በንጉሡ ሠ"። ቁጥር ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ አንድ ጊዜ እንደ ሰው፣ አንድ ጊዜ አኀዝ በአኀዝ። ሲያልቅ ሁለቱም አንባቢዎች የወረቀቱ ግርጌ ጥግ ላይ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል በእርሳስ ያስቀምጣሉ። ሁለት ፊደል የሌለው ወረቀት ከሳቸው ጠረጴዛ አልፎ ወደ ማኅተሙ አይሄድም ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ያንን ከሌላ ሰው አይቼው አላውቅም። የልደት ቀን ያለበት ወረቀት ሲመጣ ባለጉዳዩን ያስቀምጡና፣ "ልጁ ሲወለድ ዝናብ ነበር?" ብለው ይጠይቃሉ። ሰዉ ይደነግጣል። ቀኑ እኮ ወረቀቱ ላይ አለ! ግን ጥያቄው ወደ ቤቱ ይመልሰዋልና ማሰብ ይጀምራል። "ዝናብ እንኳ አልነበረም፤ ጤፉ ታጭዶ ነበር" ይላል። ወይም፣ "ኧረ ጾም ነበር፣ ለአራሷ ገንፎ ቅቤ አጥተን..." እያለ ይቀጥላል። ጋሽ መኩሪያ እየሰሙ በጣታቸው አንጓ ወራቱን ይቆጥራሉ። የሐበሻውን ዘመን ወደ ፈረንጅ ሲመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እንደሚደመር እኛም እናውቃለን። እሳቸው የሚፈሩት ሒሳቡን ሳይሆን ወረቀቱን የጻፈውን ጸሐፊ ነበር። ስንት ጊዜ በዚህ ጥያቄ የቀበሌ ጸሐፊ ስሕተት ሲይዙ አይቻለሁ።

የማናበብ ጓደኛዬ ዋንጂኩ የምትባል የናይሮቢ ልጅ ነበረች፤ የእንግሊዝኛ ታይፒስት። እኔ አማርኛውን እያየሁ በእንግሊዝኛ አነባለሁ፣ እሷ በታይፕራይተር የመታችውን ትከተላለች። ከአማርኛ መጀመሪያ የተማረችው የወራቱን ስም ነው። እስከ ነሐሴ በደህና ደረሰችና ጳጉሜን ስነግራት ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

"ወራችሁ አሥራ ሦስት ነው?"

"አዎ። የመጨረሻው አምስት ቀን ነው። አንዳንዴ ስድስት።"

"ደመወዝ ስንቴ ነው የሚከፈላችሁ?"

"አሥራ ሁለቴ።"

"ፖሌ ሳና" ብላ በስዋሂሊ አዘነችልኝ፤ እንደ ለቀስተኛ ራሷን እየነቀነቀች። "አምስቱን ቀን በነፃ ትሠራላችኋ!"

ከዚያ ወዲህ የጳጉሜን ዘበኛ ሆነች። ሴፕቴምበር የሚል ቀን ባየች ቁጥር ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ "ፓጉሜ ወይስ መስከረም?" ሳትል አታልፍም። ሁለቱም ሴፕቴምበር ውስጥ ነው የሚወድቁት፤ ግን አንዱ የዓመታችን መጨረሻ፣ ሌላው መጀመሪያ ነው። እኔ እሰለቻለሁ። "አይተሽዋል አይደል! እለፊ!" እላታለሁ። እሷ ግን መልስ ካልሰጠኋት አታልፍም። እንዲህ እየተጨቃጨቅን ስምንት ዓመት አነበብን።

ጋሽ መኩሪያ የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር ወደዱት። ይጠሉታል ብለን ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ገብተው፣ ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ አስደግፈው መስመር በመስመር ካነበቡ በኋላ ዞር ብለው እንዲህ አሉን፦ "ያምራል። እኔን የሚያስፈራኝ ማማሩ ነው። በታይፕ የተሳሳተ ወረቀት ፍቅፋቂው ስለሚታይ ሰው ይጠረጥረዋል። የዚህ ስሕተት ግን አምሮ ነው የሚወጣው።" ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸው ደከመና ኪሌሌሽዋ ሰፈር ልጃቸው ቤት ገቡ። ጠረጴዛቸው ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም።

የፈረንጁን ሁለት ሺህ ተሻግረን ጥቂት እንደቆየን ባሕር ማዶ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በኮንቴይነር ናይሮቢ ይገቡ ጀመር። አንዱ የሚሸጠው የአንድ ታይፒስት የሁለት ወር ደመወዝ በማይሞላ ዋጋ ነበር። መንገድ ማዶ ያሉት ጽሕፈት ቤቶች ቀድመውን ገዙና የገጹን ዋጋ ግማሽ አደረጉት። ደንበኞቻችን ደረጃው ሥር ቆመው ወደ ላይና ወደ ማዶ ሲያማርጡ በመስኮት እናያቸው ነበር። እትዬ ብዙነሽ ሁለት ሳምንት ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ቆዩ፤ ከዚያ ሦስት ኮምፒዩተር ገዙ። ታይፒስቶቹ አንድ በአንድ ተሸኙ። መጨረሻ ላይ የቀረነው እኔና ዋንጂኩ ነበርን።

እትዬ ብዙነሽ እኔን ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦ "ጥሩዬ፣ በኮምፒዩተር አንቺ ራስሽ ተርጉመሽ ራስሽ ትጽፊያለሽ። ሁለት ሰው ተቀምጦ አንድ ወረቀት የሚያነብበት ዘመን አለፈ። ማዶ ያሉት እንዲያ አይሠሩም። እኔስ ለሁለት ሰው ከየት አምጥቼ ልክፈል?"

ስለ ዋንጂኩ አልተከራከርኩም። እውነቱን ልናገር፤ የተረፍኩት እኔ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዋንጂኩ የሻይ ኩባያዋንና የወንበሯን ትራስ ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ ዞር ብላ፣ "ፓጉሜ ወይስ መስከረም?" ብላ ጣቷን ቀሰረችልኝና ሳቀች። እኔ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ሥራ ነበረኝና ተመለስኩ።

ኮምፒዩተሩን ያስተካከለልን ኦቲየኖ የሚባል ቴክኒሻን ነው። የልደት ወረቀት ፎርም ሠራልኝ፤ ወሩን ከዝርዝር ስመርጥ፣ ቀኑንና ዓመቱን ስሞላ የፈረንጁን ቀን ራሱ አስልቶ ያወጣል። የወራቱን ስም እየነገርኩት እሱ ጻፈ። አስቀድሞ አሥራ ሁለት ቦታ ነበር ያዘጋጀው። ነሐሴን ሲጨርስ፣ "ሞላ" አለኝ።

"አንድ ይቀራል። አምስት ቀን ነው።"

"አምስት ቀን?" ሰዓቱን አየ። ቦታ ለመጨመር ስሌቱን እንደገና መሥራት አለበት፤ ሌላ ቢሮ ይጠብቀዋል። እኔም ፎርሙን ለመሞከር ቸኩያለሁ። "ይቅር ባክህ" አልኩት እየሳቅሁ። "በአምስት ቀን ውስጥ ማን ይወለዳል!"

ይህን የተናገረው ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔው ነኝ። ቴክኒሻኑ ስለ ጳጉሜን በምን ያውቃል?

በመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም ደስተኛ ነበርኩ። ድሮ አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ በሰዓት ያልቃል። በታይፕ ፊደሉን መትቼ፣ እንደ እግርና ቀለበት ያለውን ቅጥያ ለብቻ መትቼ፣ ተሳስቼ ፈቅፍቄ የምጨርሰው ገጽ አሁን እንደ ውሃ ይፈስሳል። ዋጋችን ስለወረደ ባለጉዳዩ በዛ፤ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ለስድስት ሰው የሚበቃ ሥራ ብቻዬን ይዤ ደረቴን ነፍቼ ነበር። "ዝናብ ነበር?" ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም። ግርጌ ጥግ ላይ አንድ ፊደል ብቻ፣ "ጥ" እያልኩ ወደ ማኅተሙ እልክ ነበር።

ወይዘሮ አበራሽ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ኪሊማኒ ሰፈር ካሉት ያገር ቤት ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ካሳራኒ ከልጇ ከሄለን ጋር ትኖራለች። ባሏ ባሕር ማዶ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን አሁን ሚስቱንና ልጁን ሊወስድ ማመልከቻ አስገብቷል። በዚያ አገር ሕግ ከእናቷ ጋር የምትሄደው ማመልከቻው ሲገባ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ሄለን አሥራ ሰባት አልፏታል፤ ለጥቂት ወራት ነው የምታመልጠው። አበራሽ ይህን ሁሉ ቆማ ነገረችኝና የክርስትና ካርዱን አስቀመጠችልኝ። ጳጉሜን አራት ቀን ይላል።

ዝርዝሩን ከፈትኩ። ጳጉሜን የለም። ፎርሙ ደግሞ ወር ካልተመረጠ አያልፍም። እንዲያልፍልኝ ብዬ መስከረምን መረጥኩ፤ ኋላ ተመልሼ በእጄ ላስተካክለው ነው። ስልክ ጮኸ። አንድ ነጋዴ ስለ ውሉ ይጮህብኛል፤ እኔም መልሼ እጮህበታለሁ። ስልኩን ስዘጋ በንዴት እንደነደድኩ ወረቀቱን አተምኩት። የወጣውን አየሁት። ሴፕቴምበር ይላል። ጳጉሜን አራትም ሴፕቴምበር ስለሆነ ዓይኔ አለፈው። ዓመቱን አላየሁም። "ጥ" ብዬ ላክሁት። በጣም ያምር ነበር ወረቀቱ።

በአንድ ዓመት ውስጥ መስከረም አራትና ጳጉሜን አራት ምን ያህል እንደሚራራቁ ላገሬ ሰው አላስረዳም። ሄለንን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን በቀረው ዕድሜ አስረጀኋት።

አበራሽ ከአምስት ወር በኋላ ተመለሰች። የመጣላትን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። እናትየው ተፈቅዶላታል። ልጅቷ ዕድሜዋ ስላለፈ ከማመልከቻው ወጥታለች። የክርስትና ካርዱን ከጎኑ አስቀመጠች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ ያላየሁት ዓመት ታየኝ።

አበራሽ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሥራዬን ለቅቄያለሁ" አለችኝ። "አልጋዬን ሸጬ ፍራሽ ላይ ነው የምንተኛው፤ ለመሄድ ብለን። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያሳደግኳትን ልጅ አንቺ በአንድ ቀን አሥራ ስምንት ዓመት አለፋት አልሽብኝ። አሁን ትቻት ልሂድ?"

"የኔ ስሕተት ነው" አልኳት።

"እሱማ ወረቀቱ ላይ አለ። 'ጥ' ይላል።"

እትዬ ብዙነሽ ሲሰሙ መጀመሪያ ተቀመጡ። ከዚያ ወረቀቱን በነፃ አስተካክለን እንድንሰጣት አዘዙ። እኔ ግን አዲስ ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ከተከለከሉ በኋላ ሌላ የልደት ቀን ይዞ መምጣት ዕድሜ የቀነሰ ሰው ያስመስላል። ስሕተቱ የኛ መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በቢሮው ስም፣ በማኅተሙ።

"ይህን ደብዳቤ ከጻፍን ማን ዳግመኛ የኛን ትርጉም ይቀበላል?" አሉኝ እትዬ ብዙነሽ። "ማዶ ያሉት እኮ እስክንወድቅ ነው የሚጠብቁት። አስቢበት።"

ቅዳሜ ከሰዓት ኪሌሌሽዋ ሄድኩ። ጋሽ መኩሪያ በረንዳ ላይ ሹራባቸውን ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ድምፄን ነው የለዩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ "በአምስት ቀን ውስጥ ማን ይወለዳል" ማለቴንም ጭምር። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ማን አናበበሽ?"

"ማንም፣ ጋሼ።"

"እንግዲህ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ፊርማው ግን ያንቺ ነው። ደብዳቤውን ጻፊ። ብቻሽን ግን እንዳትጽፊው፤ የሚያናብብሽ ሰው ፈልጊ።" ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው፣ "ያቺ ጣቷን የምትቀስረው ልጅ የት ገባች?" አሉኝ። እኔ እፍረቴን እንጂ ዋንጂኩን አላሰብኳትም ነበር።

ዋንጂኩን አፈላልጌ ካሳራኒ አገኘኋት። ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይታለች። በሩ ላይ ታይፒንግ፣ ፎቶኮፒ፣ ኢንተርኔት የሚል ጽሑፍ አለ። ውስጥ ሁለት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች፣ አንድ ማተሚያ፣ ያ የድሮ የወንበር ትራሷ። ከቢሮ ያስወጣት የኮምፒዩተሩ መርከስ እሷንም ባለ ኮምፒዩተር አድርጓታል። አቅፋኝ እያለች ማልቀስ ጀመርኩ።

"ምን ሆነሻል ጥሩ? ሰው ሞተ?"

"ፓጉሜ" አልኳት።

ወዲያው ገባት። ወንበር ሳበችልኝ። ደብዳቤውን እዚያው አብረን ጻፍነው። ምንም አልሸፈንኩም፤ ፎርሙ አሥራ ሦስተኛ ወር እንደሌለው፣ ይህም በኔ ፈቃድ እንደሆነ፣ መስከረምን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እንደ ደንባችን ሳይናበብ እንደወጣ ጻፍኩ። የአገራችን ዓመት እንዴት እንደሚቆጠር አስረዳሁ። ዋንጂኩ፣ "ስልክ ጮኸ የሚለውን አውጪው። ለነሱ ምን ያደርግላቸዋል? ሰበብ ይመስላል" አለችኝ። አወጣሁት። ከዚያ አናበብን፤ ነጥቡን፣ ስሙን፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ። ሴፕቴምበር ላይ ስንደርስ ጣቷ ተቀሰረ።

"ፓጉሜ ወይስ መስከረም?"

"ጳጉሜን" አልኳት። ከተዋወቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሰለች ነው የመለስኩላት። ግርጌው ላይ ሁለት ፊደል አስቀመጥን።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ከመልቀቂያዬ ጋር እትዬ ብዙነሽ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ቢያባርሩኝ ሁለተኛ እንዳይደክሙ ብዬ ነው። ደብዳቤውን አንዴ አነበቡት። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡት። ሁለቱን ፊደላት በጥፍራቸው ነካ አደረጓቸው።

"ዋንጂኩ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ሱቅ ከፍታለች።"

ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡና ራሳቸው መቱት። ከኔ ስም በላይም ፈረሙ። መልቀቂያዬን ለሁለት አጠፉና፣ "ይህን የጻፍሽው ብቻሽን ነው መሰለኝ፤ ያልተናበበ ወረቀት እኔ ዘንድ አይመጣም" ብለው መለሱልኝ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

መልሱ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አበራሽ ልጇን ትታ አልሄደችም። ወደ ወጥ ቤት ሥራዋ ተመለሰች፤ ፍራሹ ላይ እንደተኙ ከረሙ። ሄለን ልትጀምር ያሰበችውን ትምህርት አልጀመረችም። የኔ ይቅርታ ይህን ጊዜ ሊመልስላቸው አልቻለም፤ አሁንም ሳስበው ልቤ ይደማል። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ካሳራኒ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። መጀመሪያ በር ላይ ነበር የምታነጋግረኝ። ከጊዜ በኋላ ወንበር ሰጠችኝ።

በመጨረሻ ተፈቀደ፤ ለሁለቱም። አበራሽ ልጇን ይዛ ቢሮ መጣች። ሄለን ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ የእናቷን ፊት የያዘች ልጅ ናት። አበራሽ ደረጃው አድክሟት ትንሽ ተነፈሰችና እጄን ያዘችው።

"ልጄን መልሰሽ አሳነስሽልኝ" አለችኝ። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሄለን ግራ ገብቷት እንግሊዝኛውንና አማርኛውን እየቀላቀለች፣ "ፕሊስ ማሚ፣ ሰው እያየን ነው" ትላለች። እስከ ዛሬ ሄለን በየዓመቱ ጳጉሜን አራት ቀን ትደውልልኛለች።

ደብዳቤው አልጣለንም፤ አልጠቀመንምም። ጥቂት ደንበኞች ሸሹ፣ ጥቂቶች ደግሞ በሱ ምክንያት መጡ። እትዬ ብዙነሽ ማናበብን መለሱ። ኦቲየኖም መጥቶ አሥራ ሦስተኛውን ቦታ ከፈተልኝ። ዋንጂኩ እንድትመለስ እኔው ተልኬ ጠየቅኳት። ዙሪያዋን እያሳየችኝ፣ "እዚህ አለቃዬ እኔ ነኝ" ብላ ሳቀች። ልክ ነበረች። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ይበልጥ ረክሶ ሰዉ ቤቱ ድረስ አስገባው፤ ደብዳቤውን ራሱ ይጽፋል። የታይፕ ሥራ ለማንም አልቀረም። ለኛ የቀረልን መተርጎም፣ መጠየቅና ማናበብ ነው። አሁን በኔ ቦታ የተቀመጡት ሁለቱ ልጆች ታይፒስት አይባሉም። ጋሽ መኩሪያ ይህን ሳያዩ አረፉ።

ላፕቶፑን በተሸለምኩ ሳምንት ማታቱ ተሳፍሬ ይዤው ካሳራኒ ሄድኩ። ዋንጂኩ ብድግ አድርጋ መዘነችውና እንደኔው ሳቀች። ይኸው ማክሰኞና ዓርብ ሱቋ ውስጥ እውላለሁ። ባለፈው ዓርብ አንዲት የኛ አገር ሴት የልጇን የልደት ወረቀት ልታስተረጉም መጣች። ቸኩላለች፣ ማታቱ ያመልጠኛል ትላለች። ወረቀቱን ተቀብዬ መነጽሬን ስፈልግ፣ ዋንጂኩ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ጠየቀቻት።

"ማማ፣ ልጁ ሲወለድ ዝናብ ነበረ?"

ሴትየዋ ደነገጠች፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ፈታ አለ። "ኧረ እንዴት ያለ ዝናብ!" አለች። "ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ ማዶ ቀርታ፣ እናቴ ብቻዋን ነው ያዋለደችኝ።"

ዋንጂኩ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች። "ጥሩ፣ አንብቢ" አለችኝ።

አነበብኩላት።